ለንብ ተክዬው ድመት የተኛበት ካትሚንት

መጀመሪያ ልናዘዝ። እኔ አትክልተኛ አይደለሁም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ባለች ቁራጭ መሬት ላይ ዓመታት ስሳሳት የኖርኩ ሰው ነኝ። ከስህተቶቼ ሁሉ ተርፎ፣ እንዲያውም እየበዛ የመጣ አንድ ተክል ግን አለ፤ ካትሚንት ይባላል። ሜይ ላይ ሐምራዊ አበባውን ሲያወጣ በደጄ የሚያልፍ ሐበሻ ሁሉ "ላቬንደር ነው አይደል?" ይለኛል። አይደለም። ላቬንደር እኔ ቤት ሁለቴ ሞቷል። እዚህ ብርዱ እርጥብ ነው፣ በጋው ወበቅ ነው፣ አፈሩ ቀይ ጭቃ ነው፤ ላቬንደር እነዚህን አይችልም። ካትሚንት ቻላቸው።

ይህን የምጽፈው ቤት ገዝታችሁ፣ ሳሩን እያያችሁ "ይሄን ነቅዬ ለንብ፣ ለቢራቢሮ፣ ለወፍ የሚሆን ነገር ባደርገው" ለምትሉ ነው። እኔ ያባከንኩትን ገንዘብ እናንተ አታባክኑ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ ካትሚንቴን የጎዳሁት ረስቼው አይደለም፤ ተንከባክቤው ነው።

የጀመርኩት በ2020 ነው፣ ሁላችንም ቤት በተቆለፈብን ጊዜ። "ንብ የሚወደው" የሚል አየሁና የካትኒፕ ዘር አዘዝኩ። ካትኒፕና ካትሚንት አንድ መስለውኝ ነበር። ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ካትኒፕ፣ በሳይንስ ስሙ ኔፔታ ካታሪያ፣ ያ ድመት የሚያሳብደው ነው። ወገብ ድረስ ያድጋል፣ አበባው ነጣ ያለ ነው፣ ብዙም አያምርም፣ ዘሩን ደግሞ በየቦታው ይበትናል። አሁን ድረስ ከእግረኛ መንገዱ ስንጥቅ ውስጥ እየነቀልኩት ነው። ንቡ ወዶት ነበር፣ አልክድም። ግን ከመንገድ ለሚያየው ሰው አረም ነው የሚመስለው፣ እኔም ቢሆን ከዚያ የተሻለ አልመሰለኝም።

እኔ የማወራላችሁ ካትሚንት ኔፔታ ፋሴኒ የሚባለው ድቅል ነው። መካን ነው፤ ዘር አይሰጥም። ስለዚህ የዚህን ድቅል ዘር እሸጣለሁ የሚል ካለ ሌላ ነገር ነው የሚሸጥላችሁ። ችግኙን ነው መግዛት። እኔ የገዛሁት "ዎከርስ ሎው" የሚባለውን ዓይነት ነው፤ የአሜሪካ የዓመት ዓመት አበቦች ባለሙያዎች ማኅበር በ2007 "የዓመቱ ተክል" ብሎ የመረጠው። ሎው ስለሚል አጭር መስሎኝ ከፊት አሰለፍኩት፣ ከኋላው ደግሞ ትንንሽ አበቦች። ለካ ሎው የተባለው አየርላንድ ያለ አንድ ግቢ ስም ነው! ቁመቱ ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ሆነ፣ ወደ ጎን ደግሞ ከዚያ በላይ ሄደ። ከኋላ የነበሩት ሚስኪኖች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ሳያዩ አለፉ። በአንዱና በሌላው መካከል 60፣ 70 ሴንቲ ሜትር ተዉ። ስትተክሉት ክፍት ክፍት ይላል፣ ያስጠላል፣ "አንድ ሁለት ልጨምርበት" ያሰኛል። አትጨምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋቴ ልምጣ።

የተወለድኩት ጎጃም ነው። እኛ ጓሮ ውስጥ ጎመን የሚበቅልበት መሬት አመድም ፍግም የጠገበ፣ ጥቁር፣ እጅ ላይ የሚፈረፈር ነበር። ጥሩ አፈር ማለት ለኔ ያ ነው። ስለዚህ ብስባሽ በከረጢት ገዝቼ ያንን ቀይ ጭቃ ሸፈንኩት፣ ማዳበሪያም በትንሹ ነሰነስኩ፣ በየሁለት ቀኑ ውሃ አጠጣሁ። ተክሉ ወፈረ፣ ለመለመ። ጎረቤት ሁሉ "ምን አድርገህለት ነው?" አለኝ፣ እኔም ኮራሁ። ጁን አጋማሽ ላይ አንድ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ከነጎድጓድ ጋር ወረደና ጠዋት ስወጣ ሁሉም መሃላቸው ተከፍሎ በየአቅጣጫው ተዘርረዋል። መሃሉ ላይ ሰው የተቀመጠበት ይመስል ነበር። ቡናማው ግንድ ገጥጦ ይታያል፣ አበባው ጭቃ ላይ ተኝቷል። በገመድ አሰርኩት፤ ታስሮ ደግሞ የባሰ አስጠላ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ተክሉ የደረቅ፣ ድንጋያማ አገር ዘር ነው። ሲጠግብ ግንዱ ለስላሳ ይሆናል፣ ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ሲርበው ጠንካራ፣ አጠር ያለ፣ አበባው የበዛ ይሆናል። ስለዚህ ብስባሽ የለም፣ ማዳበሪያ የለም። ውሃ የመጀመሪያው በጋ ላይ ብቻ፣ ዝናብ ከጠፋ በሳምንት አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ እኔ ቧንቧ ነክቼለት አላውቅም። ፀሐይ ግን ይፈልጋል፣ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት። ጥላ ውስጥ የተከልኩት አንዱ ቀጥኖ ቀጥኖ ብርሃን ፍለጋ መንገድ ላይ ወጣ።

ጭቃውን ምን ላድርገው ለምትሉ፣ አሸዋ አምጥታችሁ እንዳትቀላቅሉበት። ሞክሬዋለሁ፣ ሲደርቅ ጡብ ነው የሆነው። እኔን ያዋጣኝ መሬቱን ሳይቆፍሩ አፈሩን ሰብስቦ የስንዝር ያህል ከፍ ያለ ጉብታ መሥራት፣ እዚያ ላይ መትከል ነው። የሚገድለው ብርዱ ራሱ አይደለም፤ በብርዱ ወራት ውሃ ስሩ ላይ ሲተኛ ነው። በዚያ ላይ እዚህ አገር ሰው ሁሉ በየጸደዩ መልች የሚሉትን የተፈጨ እንጨት ያፈሳል፣ የዛፍ ስር ሳይቀር እንደ እሳተ ገሞራ ይከምርበታል። ካትሚንት አንገቱ ላይ መልች ሲከመርበት ይበሰብሳል። ዙሪያውን አንድ ጭብጥ ያህል ባዶ ተዉለት።

በሁለተኛው ዓመት፣ ምንም ሳላደርግለት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያኔ ነው ንቡ የመጣው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አብዛኞቹ በምብልቢ የሚሏቸው ወፋፍራም ጸጉራም ንቦች ናቸው፤ የኛ አገር ሰው መጀመሪያ ሲያያቸው የሚደነግጥባቸው። አንዷ አበባው ላይ ስታርፍ ዘንጉ በክብደቷ ጎንበስ ይላል፣ ስትነሳ ብድግ ይላል። ሃያ ሰላሳ ሆነው አንድ ላይ ሲቀስሙ ነፋስ በሌለበት ቀን ተክሉ በሙሉ ይወዛወዛል። ድምፁ ደግሞ፣ ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ፣ ሩቅ ያለ ወፍጮ ቤት ነው የሚመስለው።

ከመካከላቸው ግን አንድ የተለየ ነበር። ተርብ የሚመስል፣ ጥቁር ላይ ቢጫ ቢጫ ያለበት፣ ከበምብልቢ ያነሰ። አበባ ላይ አያርፍም፤ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። አንዷ በምብልቢ ስትመጣ ተወርውሮ በግንባሩ ይመታታል፣ ቁልቁል ትወድቃለች፣ እሱ ተመልሶ ቦታው ላይ ይቆማል። የሰፈር ጉልቤ በሉት! ሳምንት ሙሉ አየሁት፤ ያለ እሱ ፈቃድ የሚቀስም የለም። ኋላ ሳነብ ዉል ካርደር ቢ የሚባለው ንብ ወንዱ ነው። ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1963 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። መናደፊያ የለውም፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ ግን እሾህ አለው፣ በሱ ነው ሌላውን የሚጎዳው። ሴቷ የጸጉራም ቅጠል ጸጉር እየላጨች ጎጆዋን ታለብሳለች፣ ወንዱ ደግሞ እሷ የምትመጣበትን አበባ ይጠብቃል። የናና ቤተሰብ አበባ ደግሞ ነፍሱ ነው። ምን አደረግኩ? ካትሚንቱን አንድ ቦታ መደዳውን ከማሰለፍ ሦስት ቦታ ከፋፈልኩት፣ አንዱን ደረጃው አጠገብ፣ አንዱን የፖስታ ሳጥኑ ስር፣ ሌላውን ከጎን። አንድ ጉልቤ ሦስት ቦታ መጠበቅ አይችልም። አሁን እሱም አለ፣ በምብልቢዎቹም ይበላሉ።

ልጆች ያሏችሁ "አይናደፉም?" ትላላችሁ። እኔ ልጆቼን አጠገቡ አሳድጌያለሁ፣ እስካሁን አበባ ላይ ያለ ንብ ነድፎን አያውቅም። ሥራ ላይ ያለች ንብ ለሰው ጊዜ የላትም። ፊታችሁ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ትልቁ፣ ጀርባው የሚያብለጨልጨው አናጢ ንብ ያስፈራል፤ እንዲህ የሚያደርገው ግን ወንዱ ነው፣ ወንድ ንብ ደግሞ መናደፊያ የለውም።

በ2023 እናቴ መጣች። አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብያት ቤት ስንደርስ ሻንጣዋን ሳታወርድ ጎንበስ አለችና አንድ ቅጠል ቀንጥሳ በጣቷ አሽታ አሸተተችው።

"ይሄማ የዳማ ከሴ ዘመድ ነው" አለች።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ግንዱን ዳብሰው፣ ክብ አይደለም።"

ዳበስኩት። ባለ አራት ማዕዘን ነው። ሦስት ዓመት ስተክለው፣ ሳስረው፣ ስቆርጠው ልብ አላልኩም! እውነቷን ነው፤ ዳማ ከሴ፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ናና፣ ካትሚንት ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ የትግራይ ነጭ ማር የሚገኝበት ተበብም እንዲሁ። ችግኝ ስትገዙ ስሙ ቢጠፋባችሁ እንኳ ግንዱን ዳብሱ። እንዲያውም የዚሁ የካትሚንት የቅርብ ዘመድ ኔፔታ አዙሬያ የሚባለው ኢትዮጵያ ደጋ ላይ በራሱ ጊዜ ይበቅላል።

እማዬ ወዲያው ለምች ልትጨምቀው ፈለገች። "እማዬ፣ ተይው፣ መድኃኒቱ ሌላ ነው" ብዬ በስንት ልመና አስጣልኳት። ከዚያ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ ደረጃው ላይ ትቀመጥና ንቦቹን ታያለች። አባቷ ቀፎ ነበራቸው፣ ዛፍ ላይ ነበር የሚሰቅሉት። "ማሩን ማን ነው የሚቆርጠው?" አለችኝ አንድ ቀን። ማር የላቸውም አልኳት፣ እነዚህ የሚያጠራቅሙት ለራሳቸው የምትሆን ጥቂት ነው፣ ብዙዎቹ መሬት ውስጥ በትንንሽ ጎጆ የሚኖሩ ናቸው። በጣም አዘነችላቸው። "እንዲያው በነጻ ነዋ የምታበላቸው!"

እዚህ ጋ አንድ የሚያሳፍረኝን ላውራ። እማዬ ከመምጣቷ አንድ ዓመት በፊት፣ ልጄ ተመርቃ ድግስ ነበረን። ጓሮ ውስጥ ድንኳን ተክለን፣ በጁን ወር፣ ያውም ምሽት ላይ፣ ቢምቢው አያስቀምጥም። አንድ የሚረጭ ድርጅት ጠራሁ። "ለንብ ጉዳት የለውም?" ብዬ ጠየቅኩ፣ "ተፈጥሯዊ ነው፣ አታስብ" አለኝ ሰውየው። እኔም የፈለግኩትን መልስ ስላገኘሁ ሌላ አልጠየቅኩም። ከሰዓት በኋላ፣ አበባው በንብ ተሞልቶ ሳለ፣ አጥሩን ተከትሎ ሁሉንም ረጨው። ድግሱ አማረ። በማግስቱ ጠዋት ሳህን ልሰበስብ ስወጣ ካትሚንቱ ስር በምብልቢዎች በጀርባቸው ተኝተዋል። አንዳንዶቹ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። አርባ ስድስት ቆጥሬ ተውኩት። ሁለት ሳምንት ያህል ተክሉ አበባውን እንደያዘ ጭር አለ፤ ያቺ ወፍጮ ቤት ቆመች።

ስለዚህ ካትሚንት ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ወስኑ። ንብ ጠርቶ መርዝ መርጨት ወጥመድ መሥራት ነው፤ ከዚያ ባዶ ሳር ይሻላል። ቢምቢውን እኔ አሁን በባልዲ ነው የምይዘው። ባልዲ ውስጥ ውሃና አንድ እፍኝ ሳር ጨምሬ፣ ቢቲአይ የሚባለውን ክብ ነገር ከሃርድዌር ሱቅ ገዝቼ እጥልበታለሁ። ቢምቢዋ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፣ ትሎቹ ሲፈለፈሉ ይሞታሉ። ንብን አይነካም። ሽኮኮ ገብቶ እንዳይሰምጥ አንድ እንጨት አስደግፉበት። ድግስ ሲኖር ደግሞ ቬንትሌተር! ቢምቢ ነፋስ ላይ መብረር አትችልም።

ችግኝ ስትገዙም ጠይቁ። ሜሪላንድ በ2016 ባወጣችው ሕግ፣ ከ2018 መግቢያ ጀምሮ ተራ ሰው ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉትን ንብ ገዳይ መድኃኒቶች ግቢው ውስጥ እንዳይረጭ ተከልክሏል። ችግኙ ሱቅ ሳይደርስ የተረጨበትን ግን እናንተ አታዩትም። መድኃኒቱ ተክሉ ውስጥ ገብቶ እስከ ቀሰሙ ይደርሳል። "በኒዮኒክ ታክሟል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ሌላ ቦታ ሂዱ፤ እኔ ከትንንሽ የችግኝ ጣቢያዎች ነው የምገዛው፣ ራሳቸው ያበቀሉት ስለሆነ ያውቁታል።

ድመቱ ጋ ደረስኩ። መሃሉ ላይ ሰው የተቀመጠበት ይመስላል ብያችኋለሁ አይደል? ግማሹ ዝናብ ነው፣ ግማሹ የጎረቤቴ ብርቱካናማ ድመት ነው። ይሄ ድቅል እንደ ካትኒፕ አያሰክራቸውም ይባላል፤ ይሄኛው ድመት ግን አልሰማም። መጥቶ ፊቱን ያሻሻል፣ ይንከባለላል፣ ከዚያ መሃሉ ላይ ክብ ሠርቶ ይተኛል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ኔፔታላክቶን የሚባል ነገር ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው፣ የሚወጣውም ቅጠሉ ሲሰበር ነው። ስለዚህ አዲስ የተተከለ ችግኝ፣ እጃችሁ ነካክቶት ቅጠሉ የቆሰለ፣ ከሁሉም በላይ ይጠራቸዋል። ሁለቱን ችግኝ ከነስሩ ነቅሎብኛል። መላው ቀላል ነው፤ ስትተክሉ ላዩ ላይ የዶሮ ሽቦ ጎብጠብ አድርጋችሁ ድፉበት፣ ተክሉ በቀዳዳው ያድጋል፣ ድመት ግን ሽቦ ላይ አይተኛም። በሁለተኛው ዓመት አንሱት። ያኔ ቢተኛበትም አይጎዳም።

የሚያሳስበው ሌላው ነው። አሜሪካ ውስጥ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፍ እንደሚገድሉ የስሚዝሶኒያን ተመራማሪዎች በ2013 አውጥተዋል። እኔ ደግሞ ለወፍ ብዬ ያስቀመጥኩት የውሃ ገንዳ ከካትሚንቱ አንድ እርምጃ ላይ ነበር። ድመቱ እዚያው ተኝቶ፣ ጆሮው ብቻ እየታየ፣ ወፏ ውሃ ልትጠጣ ስትወርድ አየሁት። ልብሴን ሳልለብስ ነው እየጮህኩ የወጣሁት። ገንዳውን ያን ቀን አንስቼ አራት ሜትር ራቅ ወዳለ ሜዳ ወሰድኩት፤ ከበላዩ ቅርንጫፍ ያለው፣ ዙሪያው ግን የድመት መደበቂያ የሌለው። ካትሚንት ካላችሁ የወፍ ምግብና ውሃ አጠገቡ አታድርጉ።

ስለመቁረጥ ልናገር፣ ምክንያቱም አበባውን ከሜይ እስከ ኦክቶበር የሚያቆየው እሱ ነው። የመጀመሪያው ዙር አበባ በጁን መጨረሻ ላይ ይደበዝዛል። ያኔ ተክሉን በግማሽ ትቆርጡታላችሁ። ሳይራሩ። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ እንደገና ያብባል። መጀመሪያ ጊዜ መቀሱን ስይዝ ደስ ብሎኝ ሁሉንም በአንድ ቀን ከረከምኳቸው። በማግስቱ ጠዋት በምብልቢዎቹ መጡ። ዞሩ፣ ግንዱ ላይ አረፉ፣ ተነሱ፣ እንደገና ዞሩ። የተዘጋ ምግብ ቤት በር ላይ እንደቆመ ሰው። ጁላይ እዚህ አካባቢ ንብ የሚቀስመው ነገር የሚሳሳበት ወር ነው፤ ልክ በዚያ ሰዓት ነው ገበታውን ያነሳሁባቸው።

ከዚያ ወዲህ በፈረቃ ነው የምቆርጠው። ጥቂቶቹን ሜይ መጨረሻ ላይ፣ ገና ሳያብቡ፣ ሲሶውን እቀንሳቸዋለሁ፤ እነሱ ዘግይተው፣ አጠር ብለው ያብባሉ። ሌሎቹን ካበቡ በኋላ፣ ግማሾቹን አንድ ሳምንት፣ ቀሪዎቹን ከሦስት ሳምንት በኋላ። የመጨረሻውን ቁርጥ ኦገስት መጀመሪያ ላይ አድርጌ እጨርሳለሁ፣ ሴፕቴምበር 11 ላይ እንደገና አብቦ ይደርሳል። ለእንቁጣጣሽ አደይ ባይኖረንም ደጃችን ሐምራዊ ነው። ልጆቼ ቆርጠው ከቢጫ አበባ ጋር ያስሩታል።

ከዚያ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ ሁሉም ሰው ግቢውን ይመነጥራል፣ እኔም ያን አደርግ ነበር፤ መሬት ድረስ የቆረጥኳቸው ሁለቱ በዚያው ብርድ ሞቱ። ደረቁ ግንድ ስሩን ያለብሰዋል። ማርች ላይ ስሩ አካባቢ ግራጫ የምትመስል ጥቃቅን ቅጠል ብቅ ስትል፣ ያኔ አሮጌውን ወደ አስር ሴንቲ ሜትር ቁረጡት።

አጋዘን አይበላውም፣ ጥንቸልም ሽታውን አይወደውም። ሆስታና ቱሊፕ ተክሎ ለአጋዘን ቀለብ ያደረገ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ካትሚንት ያን ያህል ሳወድስ አስራ አራት ተክል ደርሶ ነበር። ግቢዬን በሙሉ ልሸፍነው ምንም አልቀረኝም። ያቆመኝ አንድ ወፍ ነው። ቺካዲ የሚሏት፣ ራሷ ላይ ጥቁር ቆብ ያደረገች የምትመስል ትንሽዬ ወፍ የጓሮው ሳጥን ውስጥ ጎጆ ሠራች። ካትሚንቱ ላይ ግን አንድም ቀን አላየኋትም፤ የጎረቤት ኦክ ዛፍ ላይ ነው ቀኑን ሙሉ የምትውለው። ልጆቿን የምታሳድገው በአባጨጓሬ ነዋ። የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው የነፍሳት ተመራማሪ ዳግ ታላሚ እንደሚሉት አንድ ጥንድ ቺካዲ አንድ ዙር ጫጩት ለማብቃት ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ያስፈልገዋል። እሳቸው የተሳተፉበትና እዚሁ ዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ግቢዎች ተጠንቶ በ2018 የወጣ ጥናት፣ ቺካዲ እንዳትቀንስ የግቢው ተክል ቢያንስ 70 በመቶ የአገሩ ተወላጅ መሆን አለበት ይላል። ካትሚንት ደግሞ የዚህ አገር ተክል አይደለም። ንብ ያበላል፤ አባጨጓሬ ግን አያሳድግም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ስድስቱን ነቅዬ ለሰው ሰጠሁ፣ ስምንቱ ቀሩ። በቦታቸው ማውንቴን ሚንት ተከልኩ፤ እሱም የናና ዘር ነው፣ ግን የዚሁ አገር ልጅ። አስተርና ጎልደንሮድም አስገባሁ። ጎልደንሮድ ያስነጥሳል ብለው የሚሸሹት አሉ፤ የሚያስነጥሰው በዚያው ወር የሚያብበው ራግዊድ የሚባል አረም ነው፣ ጎልደንሮድ በከንቱ ስሙ ጠፋ። ሚልክዊድ ለሞናርክ ቢራቢሮ። ጓሮ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት የኦክ ችግኝ፤ ጥላዋ ሥር የምቀመጠው እኔ ሳልሆን የልጅ ልጆቼ ናቸው መሰለኝ። ካትሚንቱን ለምን አስቀረኸው ካላችሁኝ፣ ሳይቋረጥ የሚያብብልኝ ሌላ ነገር አላገኘሁም፣ ከመንገድ ለሚያየውም ግቢው የታሰበበት ያስመስለዋል። ይሄ ሁለተኛው ቀላል ነገር አይደለም። የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር "ያልተስተካከለ ግቢ" የሚል ደብዳቤ ልኮልኝ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ፤ ኮሎምቢያ በምትባል የሜሪላንድ ከተማ ያሉ ባልና ሚስት በግቢያቸው ምክንያት ከማኅበራቸው ጋር ከተከራከሩ በኋላ የመጣ ነው፤ ማኅበራት ለንብና ለቢራቢሮ በሚተከል ግቢ ላይ ያለ አግባብ ገደብ እንዳያደርጉ ይከለክላል። ያንን ጠቅሼ መለስኩ። ጠርዙ ላይ ደግሞ ካትሚንቱን በወግ አሰለፍኩት። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።

ማብዛት ለምትፈልጉ፣ መግዛት አያስፈልግም። ሜይ ላይ ስትቀንሱት ከምትጥሉት መካከል አበባ ያልያዘውን ጫፍ፣ ጣት የሚያህል ርዝመት፣ ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ፣ ፐርላይት የሚባለው ነጭ፣ ቀላል ጠጠር የበዛበት አፈር ውስጥ ሰክታችሁ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። በአንድ ወር ስር ያወጣል። አለበለዚያ በየሦስት አራት ዓመቱ፣ ጸደይ ላይ፣ ሙሉውን አውጥታችሁ በአካፋ ለሁለት ለሦስት ሰንጥቁት፤ መሃሉ እንጨት ሲሆን እሱ ራሱ ያድሰዋል።

እኔ በየዓመቱ በትንንሽ የፕላስቲክ ብርጭቆ አሥራ አምስት ያህል አወጣና ቤተ ክርስቲያን እወስዳለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድም አይተርፍም። ባለፈው ጁን ከወሰዱት አንዷ እህታችን ደወለችልኝ።

"ወንድሜ፣ ያ የሰጠኸኝ ተክል መሃሉ ተከፍሎ ወደቀብኝ።"

"ድመት አለሽ?"

"ኧረ የለኝም።"

"ምን አደረግሽለት?"

"ምንም የጎደለበት የለም። ፍጉም አለው፣ ጠዋት ማታ አጠጣዋለሁ፣ እንዲያውም ትናንት ማዳበሪያ ገዝቼ…"

ሳላስጨርሳት ሳቅ አመለጠኝ።